የቲቸር አንጁሎ ትንፋሽ

ቲቸር አንጁሎ ማረፋቸውን በስልክ የነገረኝ ኤርሚያስ ነው። ነፍስ ይማር ከማለቴ በፊት አፌ ላይ የመጣው «አስሙ ነው?» የሚል ጥያቄ ነበር።

«አይ፣ እርጅና ነው። ተኝተው ነው የሄዱት፤ በጀርባቸው ተጋድመው» አለኝ።

«ተጋድመው» የምትለዋን ረገጥ አድርጎ ነው ያላት። ቲቸርን በደንብ ለምናውቅ ሰዎች ይህቺ ቃል ቀላል አይደለችም። እኛ ባወቅናቸው ዘመን ተጋድመው ተኝተው አያውቁም። ደረታቸው ስለማይፈቅድላቸው ትራስ ደራርበው፣ ግድግዳ ተደግፈው፣ ቁጭ እንዳሉ ነበር የሚያድሩት።

የወላይታ ሰው ናቸው። ጂንካ የመጡት በደርግ መጀመሪያ ዓመታት የስፖርት መምህር ሆነው ተመድበው ነው። አስም ያለበት የስፖርት መምህር! ከተማው መጀመሪያ ላይ ስቆባቸዋል። በሽታው የያዛቸው ከተመረቁ በኋላ ነው የሚሉ አሉ፤ የጂንካ ዝናብና ጭጋግ ነው ያመጣባቸው የሚሉም አሉ። እሳቸው ራሳቸው ስለ አስማቸው ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም። ከገበያው ወደ ቤታቸው የሚወስደው ዳገት ላይ በየአጥሩ ሥር ቆም እያሉ የሰውን ጓሮ ያደንቁ ነበር። «እንሰትሽ እንዴት አምሯል» ይላሉ ለአንዷ። ጥቂት አለፍ ብለው ደግሞ «ይሄ ሙዝ የየት አገር ዘር ነው?» ይላሉ። የሰፈሩ ሴቶች ተክል ወዳድ ሰው መጣልን ብለው ችግኝ ይልኩላቸው ነበር። እሳቸው ግን ትንፋሽ እየሰበሰቡ ነው። ይህን ያወቅነው ቆይተን ነው፤ ጓሯቸው በችግኝ ከተሞላ በኋላ።

ንግግራቸው አጭር ነበር። «ቃል የሚገዛው በትንፋሽ ነው» ይሉ ነበር። «ሩጫ በእግር ነው ያላችሁ ማን ነው? በአፍንጫ ነው» የምትለውንም ከሳቸው ያልሰማ የጂንካ ልጅ የለም። ፊሽካ መንፋት አይችሉም፤ ደረታቸው ግን ቀኑን ሙሉ ያፏጫል። በፊሽካ ፋንታ ከበና ከብት አርቢዎች የገዙትን የከብት ቃጭል እየመቱ ነበር የሚያሠለጥኑን። ሜዳችን ደግሞ ከተማው መሀል ያለው የአውሮፕላን ማረፊያ ነው፤ አውሮፕላን በማይመጣበት ቀን ከብት ይግጥበታል። ስለዚህ ጎል ልናገባ ስንል ቃጭል ያሰረች አንዲት ላም አንገቷን ትነቀንቃለች፤ እኛ ቲቸር መስለውን ቀጥ እንላለን። ሌላ ጊዜ ደግሞ ላም ናት ብለን ስንሮጥ ቲቸር ሆነው ይገኛሉ።

ነገሩ የሆነው በሰባዎቹ አጋማሽ፣ ክረምት ላይ ነው። ከየኮሌጁ ለእረፍት የተመለስነውን የከተማውን ልጆች ሰብስበው ቡድን ሠርተው ነበር። እኔ በረኛ ነበርኩ። ኤርሚያስ የግራ ክንፍ ነው፤ ከጂንካ በላይ ካለ መንደር የመጣ የአሪ ገበሬ ልጅ፣ ከመንደሩ ኮሌጅ የገባ የመጀመሪያው ሰው። ኳስ እግሩ ላይ ስትደርስ ከሜዳው ዳር የቆሙት ሰዎች ወሬያቸውን ያቋርጡ ነበር። ቲቸር ይወዱታል። አይናገሩትም እንጂ ሲጫወት ቃጭላቸውን መምታት ይረሳሉ።

ኪኒኗን ይዘን የመጣነው እኛው ከኮሌጅ ነን። ኤፌድሪን ትባላለች፤ በሐኪም ትእዛዝ ለአስም በሽተኛ የምትሰጥ ትንሽ ነጭ ኪኒን ናት። ፈተና ሲደርስ ዶርም ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ ትዞር ነበር፤ እንቅልፍ ታባርራለች። አንዳንዱ ልጅ ከፈተናው በኋላም እሷን ካልዋጠ ደብተር መግለጥ አልችል አለ። ኤርሚያስም ከነዚህ አንዱ ነበር። ለኳስ ትሆናለች ብሎ ያሰበውም እሱ ነው። «ትንፋሽ ለሌለው ትንፋሽ ከሰጠች፣ ትንፋሽ ላለውማ እጥፍ አድርጋ ነው የምትሰጠው» አለን። ሒሳቡ ልክ ይመስላል። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ሞተች ታንቃ እንዲሉ፣ ቡድኑ በሙሉ ሊባል በሚችል መልኩ ገባበት። እኔ አንድ ቀን ቀምሻት እጄን ስላንቀጠቀጠችኝ ተውኳት። ጨዋ ሆኜ አይደለም፤ እጁ የሚንቀጠቀጥ በረኛ ምን ይሠራል?

ያመጣናት ስታልቅ የቀረው ጤና ጣቢያው ነበር። ጤና ጣቢያው ደግሞ ለታማሚ እንጂ ለጤነኛ አይሰጥም። ልጆቹ መታመም ነበረባቸው። አስም እንዴት እንደሚያፏጭ፣ ትከሻ እንዴት ወደ ላይ እንደሚሰበሰብ፣ ሰው እንዴት ጉልበቱን ይዞ እንደሚያጎነብስ የሚያስተምር ሰው ፍለጋ ሩቅ መሄድ አላስፈለጋቸውም። በየቀኑ ፊታቸው ቆሞ ያሠለጥናቸዋል። ከልምምድ በኋላ እርስ በርስ እየተፈታተኑ ይስቁ ነበር፤ ቲቸርን አስመስሎ ያፏጨ እሱ በነጋታው ጤና ጣቢያ ይሄዳል።

የጤና ጣቢያው ድሬሰር ቅን ሰው ነበር። በአጭር ጊዜ ይህን ያህል ጎረምሳ አስም ይዞት ሲመጣ ደነገጠ። አሰበ፣ አሰላሰለ። ሁሉም ኳስ ተጫዋቾች ናቸው፤ የሚጫወቱት ሣር ላይ ነው፤ እንግዲያው በሽታው ያለው ሣሩ ውስጥ ነው አለ። ይህንኑ ለቀበሌ አመለከተ። ቀበሌውም ጊዜ አላጠፋም፤ ቅዳሜ ማለዳ ነዋሪው ማጭድ ይዞ እንዲወጣ ታዘዘ። ከተማው በሙሉ ወጥቶ የአውሮፕላን ማረፊያውን ሣር አጨደ። ቲቸር አንጁሎም ከሰው ጋር ተሰልፈው ያጭዱ ነበር። ለተማሪዎቼ ጤና ነው ብለው አንድ ሁለቴ ማጭዱን ሳብ ያደርጉና ቀና ብለው ይተነፍሳሉ። ልጆቹ አጠገባቸው ሆነው አንገታቸውን ደፍተው ያጭዳሉ። ያን ዕለት ማንም አልሳቀም።

ነሐሴ ላይ ወይጦ ወንዝ ሞልቶ መኪና አላሳልፍ አለ። አውሮፕላኑም ጭቃው ላይ ማረፍ ስላልቻለ መምጣቱን አቆመ። የጂንካ ሰው መንገድ ሲዘጋ እንዴት እንደሚኖር ያውቅበታል፤ ጨው ሲያልቅ ይበደራል፣ ጋዝ ሲያልቅ በጊዜ ይተኛል። ለቲቸር ግን ክረምቱ አስማቸው የሚብስበት ጊዜ ነው፤ ያቺ ኪኒን ከሌለች መተኪያ የላትም። አንድ ቀን የራሳቸውን ሊወስዱ ጤና ጣቢያ ሄዱ። በነጋታው ልምምድ ላይ ሜዳው መሀል አስቀመጡን። እንደ ልማዳቸው እያረፉ ተናገሩ።

«ትናንት ጤና ጣቢያ ነበርኩ። ወረፋ ይዣለሁ። በሩ ዝግ ነው።» አረፉ። «ከውስጥ የራሴን ደረት ሰማሁ። እኔ ውጭ ነኝ፤ ደረቴ ውስጥ።»

ማንም ቀና አላለም።

«በሩ ተከፈተ። ኤርሚያስ ወጣ።» እንደገና አረፉ። «ከሱ ቀጥዬ ገባሁ። አለቀ አሉኝ። የመጨረሻውን አሁን ለወጣው ልጅ ሰጠነው አሉኝ። መንገድ ሲከፈት ይመጣል አሉ።»

ይቆጣሉ ብለን ጠበቅን። ቁጣ ቢሆን ይሻለን ነበር። «ኤርሚያስ፣ ተነስ። አሳየኝ» አሉት። ኤርሚያስ ተነሳ። «በል» አሉት። ትከሻውን ሰብስቦ፣ ጉልበቱን ይዞ አፏጨ። እንዲያ ሲስቁበት የነበረው ነገር በዚያ ሜዳ ላይ ለመስማት የሚያሳፍር ድምፅ ነበር።

ቲቸር ጭንቅላታቸውን አዘንብለው አዳመጡት። «ጥሩ ነው። ግን ተሳስተሃል» አሉ። «ሲገባ አይደለም የሚያፏጨው። ሲወጣ ነው። አየሩ ይገባል። መውጣት ነው እምቢ የሚለው።»

ከዚያ ከጓሯቸው ቆርጠው ያመጡትን የዱባ ቅጠል አገዳ አደሉን። ልጅ ሆነን የምንነፋው ውስጡ ክፍት የሆነው አገዳ ነው፤ ፀጉሩ ከንፈር ይበላል። «አፍንጫ በእጅ ይያዛል። መተንፈስ በአገዳው ብቻ ነው። እስከ ማረፊያው ጫፍ ሩጡ» አሉ። ሮጥን። መጀመሪያ ሳቅም ነበር። ትንሽ ሄድ እንዳልን ሳቁ ቆመ። ደረቴ ሙሉ ሆኖ ሳለ ታፈንኩ፤ ውስጤ ያለው አየር አልወጣ አለኝ። አገዳውን ተፍቼ ጭቃው ላይ ተቀመጥኩ። ዞር ስል ሁሉም ተቀምጧል፤ ከመካከላችን እስከ ጫፍ የደረሰ የለም። ቲቸር በዝግታ እየተራመዱ ደረሱብን።

«እኔ በዚህ ነው ገበያ የምሄደው» አሉ።

ሌላ ምንም አልጨመሩም። ያኔ ነው በየአጥሩ ሥር የሚቆሙት ለምን እንደሆነ የገባኝ። እንሰትሽ አምሯል እያሉ ያንን ዳገት በአገዳ ሲወጡት ኖረዋል፤ ያም ሆኖ በየቀኑ ወርደው ያሠለጥኑናል። ሰው አክብሬ አውቃለሁ፣ ፈርቼም አውቃለሁ። በሰው መደነቅ ምን እንደሆነ የገባኝ ግን ያን ቀን ጭቃ ላይ ተቀምጬ ነው።

ልጆቹ የተረፋቸውን ኪኒን ከየኪሳቸውና ከየካልሲያቸው አውጥተው ቲቸር በዘረጉት ቆብ ውስጥ ጨመሩላቸው። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» አሉ ቲቸር ቆቡን እያጠፉ። ኤርሚያስ ተራው ሲደርስ «የለኝም» አለ። ቲቸር አዩት። «እሺ» ብለው አለፉት።

ከቆቡ የተገኘችው ጥቂት ቀን አቆየቻቸው፤ ከዚያ አለቀች። ዝናቡ ግን አላባራም።

የአብዮት በዓል ዋዜማ የዋንጫ ጨዋታ ነበረን፤ ከመንገድ ሠራተኞች ካምፕ ቡድን ጋር። ድንጋይ ሲፈልጡ የሚውሉ ጎልማሶች ናቸው። የቀበሌው ሊቀ መንበር ዋንጫው ከከተማው ልጆች እጅ መውጣት የለበትም ብሎ አስቀድሞ አስጠንቅቆናል። ኤርሚያስ ያን ቀን የተጫወተውን ጨዋታ ከዚያም በፊት ከዚያም በኋላ አላየሁም። ጭቃው ለሌላው ሰው ጭቃ ነበር፤ ለሱ ምንጣፍ ሆነለት። ጎል አገባ፤ ሕዝቡ አበደ። እኔ ግን ከጎሉ በር ሆኜ ዓይኑን አየሁት። ዓይኑ ኳሱን አይከተልም፤ አንድ ቦታ ላይ ፈጥጦ ቀርቷል።

ለእረፍት ስንወጣ ኤርሚያስ ካልሲውን ዝቅ አድርጎ ጣቱን ሰደደ። ቲቸር ሳይቸኩሉ ሄደው አጠገቡ ተንበረከኩና ጆሯቸውን ደረቱ ላይ አደረጉ። ረጅም ጊዜ አዳመጡ። የኤርሚያስ ማልያ ከልቡ ምት ጋር ሲነሳና ሲወድቅ ከሩቅ ይታይ ነበር። ተነሱና ተጠባባቂውን ጠርተው «አንተ ትገባለህ» አሉት።

ሊቀ መንበሩ ሽጉጡን እንደታጠቀ መጣ። «ጓድ መምህር፣ ሕዝቡ ይሄን ልጅ ነው የሚፈልገው።»

«ሕዝቡ ልቡን አልሰማም። እኔ ሰምቻለሁ» አሉ።

«ልጁ ራሱ እገባለሁ እያለ ነው።»

«እገባለሁ ቲቸር» አለ ኤርሚያስም። «ደህና ነኝ። ትንሽ ነው የቀረው።»

ቲቸር መልስ ሊሰጡ አፋቸውን ከፈቱ፤ ቃሉ አልወጣም። ቀኑን ሙሉ ዝናብ ላይ ቆመዋል፤ ክርክሩ ደግሞ የቀረቻቸውን ትንፋሽ አሟጠጠባቸው። ጉልበታቸውን ይዘው አጎነበሱ፤ ከዚያም ጭቃው ላይ ተቀመጡ። ትከሻቸው ወደ ጆሯቸው ወጣ። ማፏጨቱ መጣ፤ ሲወጣ ነው የሚያፏጨው፣ እንዳሉትም ነው። ከዚያ ማፏጨቱም ቀነሰ። መቀነሱ ነው ያስፈራኝ፤ ከንፈራቸው ጠቆረ። ድሬሰሩ ከሕዝቡ መሀል እየሮጠ መጥቶ ባዶ እጁን ዘረጋ። መድኃኒት የለውም፤ ሁላችንም ይህን እናውቃለን። በከተማው ውስጥ መድኃኒት ያለው አንድ ሰው ኤርሚያስ ነበር።

ኤርሚያስ ጀርባውን ሰጥቶን ፊታቸው ተንበረከከ። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም። ያየሁት የቲቸርን ጣት ነው፤ ወደ ኤርሚያስ እግር እየጠቆሙ ነበር። ቃል የሚገዙበትን ትንፋሽ ከየት እንዳመጡ አላውቅም፣ አንዲት ቃል ግን ሁላችንም ሰማን።

«ጫማ።»

ገባን። ጫማውን አውልቆ ከጨዋታው ካልወጣ ኪኒኗን አይውጡም። ሊቀ መንበሩ «ምን ማለት ነው ይሄ?» ይላል። ሕዝቡ የኤርሚያስን ስም እየጠራ ይጮኻል፤ የካምፑ ቡድን ሜዳ ገብቷል። ኤርሚያስ ተቀምጦ የጫማውን ክር መፍታት ጀመረ። ክሩ በጭቃ ረጥቦ ተቋጥሯል። ጣቶቹ ይንቀጠቀጣሉ፤ ያቺው ኪኒን ናት የምታንቀጠቅጣቸው። ግራ እጁን እንደጨበጠ በቀኝ እጁ ብቻ ነበር የሚታገለው፤ ለምን ሁለቱን እጁን እንደማይጠቀም አልገባኝም። ልረዳው ስጠጋ ቲቸር በዚያ ሁኔታቸው ጭንቅላታቸውን ነቀነቁብኝ። እሱ ራሱ ይፍታው ማለታቸው ነው። ቆምኩ። ሰው ፊቴ ሲሞት እያየሁ እጄን አጣጥፌ ቆምኩ፤ የሳቸው ዓይን ስላዘዘኝ ነው።

ክሩ አልፈታ አለ። ኤርሚያስ እያለቀሰ ጫማውን እንደታሰረ መነጨቀው፤ የተረከዙ ቆዳ አብሮ ተላጠ። ሁለተኛውንም እንዲሁ። ሁለቱን ጫማ አንስቶ ሊቀ መንበሩ እግር ሥር ወረወራቸው። ቲቸር አፋቸውን ከፈቱ።

ትንፋሻቸው እስኪመለስ ብዙ ቆየ። እኔ ወደ ጎሉ ተመለስኩ፤ ከዚያ በኋላ የገቡብኝን ጎሎች ባልናገር ደስ ይለኛል። ዋንጫውን የካምፑ ሰዎች ወሰዱ። ኤርሚያስ ኮሌጅ እስኪከፈት ድረስ ቲቸር ቤት ነበር የሚያድረው፤ እንቅልፍ አልመጣ ሲለው እሳቸውም ቁጭ ብለው ስለሚያድሩ ብቻውን አልሆነም። ላቡን፣ ብስጭቱን፣ ለቅሶውን ሁሉ ችለውታል። ኮሌጅ ሲመለስ ያለ ኪኒን ተመለሰ፤ ዛሬ ራሱ መምህር ነው።

ቲቸርን ግን የአብዮቱን በዓል በአሻጥር አበላሹ ተብለው ወደ ቆላው፣ ወደ ወይጦ አዘዋወሯቸው፤ ቅጣት መሆኑ ነው። የቀጣቸው ሰው ስለ ሳንባ አያውቅም። የወይጦ ደረቅ ሙቀት ለኛ ቅጣት ነው፤ ለሳቸው ፈውስ ሆነ። ከጥቂት ዓመት በኋላ ልጠይቃቸው ስሄድ አንገታቸው ላይ ፊሽካ አንጠልጥለው፣ እየነፉ፣ የፀማይ ልጆችን ሲያሯሩጡ አገኘኋቸው። ሽበት ጣል ጣል አድርጎባቸዋል፣ ወፍረዋል፣ ወሬኛም ሆነዋል። ግራር ሥር ቁጭ ብለን ለዓመታት ሲያብሰለስለኝ የነበረውን ጠየቅኳቸው።

«ቲቸር፣ ያን ቀን ኤርሚያስ ጫማውን ባያወልቅስ ኖሮ?»

«እውጣታለሁ እንጂ» አሉኝ እየሳቁ። «ሞኝ መሰልኩህ እንዴ? ልጆች አሉኝ፣ ሚስት አለችኝ። አስፈራርቼው ነው። ለሱ ግን እንዳትነግረው።»

አብሬያቸው ሳቅሁ፤ ቀለለኝም። ከዚያ ወዲህ ስለሳቸው ሳወራ ብልሃታቸውን ነበር የማደንቀው፤ ሞት አፋፍ ላይ ቆሞ ቁማር የተጫወተ ሰው እያልኩ። ለኤርሚያስ ግን ቃሌን ጠብቄ አልተናገርኩም።

ባለፈው ለለቅሶ ቤተሰባቸው ወዳለበት ጂንካ ስሄድ ድንኳኑ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ሰው ሁሉ ያንን ቀን ያነሳል፤ ለተማሪው ሊሞት የነበረ መምህር ይላል። ኤርሚያስ መሬት መሬት ያያል። እንዲህ ያለ ሸክም ተሸክሞ መኖሩ አሳዘነኝ። ካረፉ ወዲያ ቃሉም አይዘኝም ብዬ በጆሮው ነገርኩት፤ ወይጦ ላይ ያሉኝን፣ እውጣት ነበር ማለታቸውን፣ ማስፈራሪያ እንደነበረ።

ኤርሚያስ ዞሮ አየኝ። ያሾፍኩበት መስሎት እንደሆነ ፊቴን መረመረ።

«እናንተ ከኋላዬ ስለነበራችሁ አላያችሁም» አለኝ ቀስ ብሎ። «ገና ስንበረከክ አፋቸውን በጣቴ ከፍቼ ኪኒኗን ከትቼላቸው ነበር። መልሰው ተፏት። የቀረችኝ ያቺ ብቻ ነበረች፤ ከጭቃው ውስጥ ፈልጌ አንስቼ ጨብጬ ነው ጫማዬን ስፈታ የነበረው።»